2ኤን3055ን በ2ኤስሲ5200 ስትቀይሩ

ቤት በሠራችሁት አምፕሊፋየር ላይ ድምፁን ወደ ስፒከር የሚገፉትን የመውጫ ትራንዚስተሮች፣ 2ኤን3055ንና ኤምጄ2955ን፣ አውጥታችሁ 2ኤስሲ5200ንና 2ኤስኤ1943ን ስታስገቡ እግሩን አዛውሮ መበየድ ብቻ አይበቃም። አዲሶቹ እስከ 30 ሜጋኸርዝ የሚሠሩ ፈጣኖች ናቸው፤ ለዝግተኛ ትራንዚስተር በተሠራ ቦርድ ላይ ጆሮ የማይሰማው ኦሲሌሽን (አምፕሊፋየሩ በራሱ የሚፈጥረው ፈጣን ንዝረት) ሊያስነሱ ይችላሉ። ምልክቱ ሙዚቃ ሳይከፈት ሂትሲንኩ (ትራንዚስተሮቹን የሚያቀዘቅዘው ብረት) መጋሉ ነው። መፍትሔው በእያንዳንዱ ቤዝ፣ እግሩ ሥር፣ 4.7 ኦም ሬዚስተር ማስገባት ነው። መውጫው ላይም 10 ኦም ሬዚስተርና 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ ወደ ግራውንድ እሰሩ።

በአዲሱ ትራንዚስተር ላይ ያለው ጽሑፍ ወደ እናንተ ሲዞር እግሮቹ ከግራ ቤዝ፣ ኮሌክተር፣ ኤሚተር ናቸው። ጀርባው ከኮሌክተሩ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ያለ ሚካ (ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ንጣፍ) ሂትሲንክ እንዳይነካ።

ስፒከር ሳታስሩ፣ ባያሱን (ሙዚቃ ሳይኖር በመውጫ ትራንዚስተሮቹ የሚያልፈውን ትንሽ ከረንት) ዝቅ አድርጋችሁ፣ 220 ቮልቱን በ100 ዋት ባለክር አምፖል በኩል አሳልፉ። አምፖሉ ደምቆ ከቀረ ቶሎ አጥፉ፤ የሆነ ቦታ ሾርት አለ። ከደበዘዘ አምፖሉን አውጥታችሁ በ0.22 ኦሙ የኤሚተር ሬዚስተር ላይ 11 ሚሊቮልት እስኪነበብ ባያሱን ቀስ ብላችሁ ጨምሩ፤ ይህ 50 ሚሊአምፕር ነው። ባሕር ዳር ላይ የምትሠሩ ከሆነ፣ ከተማዋ 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ሳሳ ይላል፣ ሙቀትም እንደ ቆላው የባሕር ዳርቻ ቶሎ አይወስድም። በተለይ በሚያዝያ ሰፋ ያለ ሂትሲንክ ተጠቀሙ፤ ባያሱንም ከ20 ደቂቃ በኋላ፣ ሲሞቅ፣ እንደገና ለኩ። ባያሱን የሚቆጣጠረው ትራንዚስተር እዚያው ሂትሲንክ ላይ ካልታሰረ ሙቀቱ ባያሱን እየጨመረ የመውጫ ትራንዚስተሮቹን ያቃጥልባችኋል። ስፒከር የሚታሰረው መውጫው ላይ ያለው ዲሲ ከ50 ሚሊቮልት በታች ሲሆን ነው።