አሜሪካ ውስጥ የልዩ ፍላጎት ተማሪን የፈተና እድገት እንዴት ማንበብ ይቻላል?

ልጅዎ አይኢፒ የሚባለው የግል የትምህርት ዕቅድ ካለው፣ የክፍለ ግዛቱ ዓመታዊ ፈተና ልጁን ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤቱንም ይመዝናል። በ2015 የጸደቀው የፌዴራል ሕግ የአካል ጉዳት ያለባቸው ተማሪዎች ውጤት ተለይቶ እንዲታይ ያዛል።

መጀመሪያ የልጅዎን የውጤት ወረቀትና የትምህርት ቤቱን ሪፖርት ካርድ ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ካርዱ በክፍለ ግዛቱ ትምህርት ቢሮ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል።

ቀጥሎ ሁለት ቁጥሮችን ይለዩ። ብቃት ልጁ ለክፍሉ የተሰመረውን መስመር ማለፉን ይናገራል፤ እድገት ደግሞ አምና ከነበረበት ምን ያህል እንደተጓዘ።

ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እድገቱ ላይ ነው። ኮሎራዶን ጨምሮ በርካታ ክፍለ ግዛቶች ከ1 እስከ 99 በሚሄድ ፐርሰንታይል ይገልጹታል። 62 ማለት ከመቶ ጥያቄ 62 መለሰ ማለት አይደለም፤ ባለፉት ፈተናዎች ተመሳሳይ ነጥብ ከነበራቸው ተማሪዎች 62 በመቶ ከሚሆኑት የበለጠ አደገ ማለት ነው። ስለዚህ መስመሩን ያላለፈ ልጅ 62፣ ያለፈው ጓደኛው ደግሞ 20 ሊያገኝ ይችላል። ይህን መለኪያ የምወደው ከመስመሩ ሩቅ ያለውንም ልጅ ስለሚቆጥር ነው። ማለፍ ብቻ ሲቆጠር ትምህርት ቤት የሚበረታው ለማለፍ ጥቂት በቀራቸው ልጆች ላይ ነው። ሆኖም 62 ደስ ቢያሰኝም በቂ ላይሆን ይችላል፤ «በዚህ አካሄድ የክፍሉን ደረጃ መቼ ይደርሳል?» ብለው መምህሩን ይጠይቁ።

ከዚያ ማን እንዳልተቆጠረ ይፈልጉ። የቀድሞ ነጥብ የሌለው ልጅ ይህ የእድገት ቁጥር አይኖረውም። በትምህርት ቤቱ ያሉት የአካል ጉዳት ያለባቸው ተማሪዎች ቡድን ክፍለ ግዛቱ ከወሰነው ዝቅተኛ ቁጥር ካነሰም ውጤቱ ካርዱ ላይ አይወጣም፤ ባዶውን ቦታ እንደ ደህና ዜና አይውሰዱት። «ባይፈተን ይሻለዋል» የሚል ምክርም አይቀበሉ፤ ሕጉ ከየቡድኑ ቢያንስ 95 በመቶው እንዲፈተን ይጠብቃል።

ወደ አማራጭ ፈተና ይዛወር ከተባለ ግን ቆም ይበሉ። ይህ ፈተና የታሰበው ከባድ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ብቻ ነው፤ በክፍለ ግዛት ደረጃም ከተፈታኞቹ 1 በመቶ እንዳይበልጥ ተገድቧል። መደበኛውን ዲፕሎማ እንዴት እንደሚነካ ትምህርት ቤቱ በግልጽ ሊነግርዎ ይገባል። ሳይነግርዎ አይፈርሙ።

ለአይኢፒ ስብሰባው አስተርጓሚ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ማቅረቡ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው። የስልክ መተርጎሚያ መተግበሪያ ለቀጠሮ ይበቃል፤ ለፐርሰንታይል ግን አላምነውም። ልጁን ማስተርጎምማ ጭራሽ አይታሰብም።