የስንዴ ቢራ፦ ሲቀምሱትና ሲያበስሉበት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የስንዴ ቢራ ባሕር ዳር ውስጥ እንደ ልብ የሚገኝ መጠጥ አይደለም። ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ዋጋው ከአገር ውስጡ ቢራ ይወደዳል፤ ብዙ ጊዜም ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ ነው በሻንጣው ይዞት የሚደርስ። በስንት ድካም የተገኘው ጠርሙስ ታዲያ ያለ አግባብ የሚያልቀው እንደለመድነው ጥርት ያለ ቢራ («ላገር» እንደሚባለው) ስለምንይዘው ነው። የስንዴ ቢራ ጠባዩ ሌላ ነው፤ በብርጭቆም በድስትም።

ድፍርስነቱን እንደ ብልሽት መቁጠር

ጉሽ ጠላ እየጠጣ ያደገ ሰው ደፍርሶ የተቀዳ ቢራ ሲያይ «ይኼ ተበላሽቷል» ማለቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል። በጀርመኑ የስንዴ ቢራ ከብቅሉ ቢያንስ ግማሹ የስንዴ ነው፤ የቀረው ገብስ ነው። ስንዴ ፕሮቲኑ ብዙ ነው፣ እርሾውም ሳይጣራ ይቀራል፤ ድፍርስነቱ የሚመጣው ከእነዚህ ነው። የቤልጂየሙ ነጭ ቢራ ደግሞ ካልበቀለ ስንዴ ይጠመቅና ድንብላልና የብርቱካን ልጣጭ ይገባበታል። ተጣርቶ ጥርት ብሎ የሚሸጥ ዓይነትም አለ፤ እኔ ግን ለእርሱ ገንዘብ አላወጣም።

ከጠርሙሱ ሥር የተቀመጠውን እርሾ እንደ አተላ መተው ሌላው ጥፋት ነው። ብርጭቆውን በቀዝቃዛ ውሃ ያለቅልቁት፤ አጋድመው ቀስ እያሉ ከጠርሙሱ ሁለት ሦስተኛውን ይቅዱ። ከዚያ የቀረውን በጠርሙሱ ውስጥ ክብ ክብ አድርገው ያዙሩትና ከነእርሾው ይጨምሩ። አረፋው ብዙ ስለሆነ ረጅም ብርጭቆ ይፈልጋል። ቅቤ ወይም ዘይት የነካው ብርጭቆ አረፋውን ወዲያው ያጠፋዋል፤ ስለዚህ በወጥ እጅ ብርጭቆ አይያዝም።

«የሙዝ ቅመም ጨምረውበታል» ማለት

የጀርመኑን ዓይነት የቀመሰ ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሣው ሙዝ ነው፤ ቀጥሎ ቅርንፉድ። ሁለቱም አልተጨመሩም። እርሾው በሚያብላላበት ጊዜ ራሱ የሚፈጥራቸው ሽታዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1516 የወጣው የባቫሪያ (የጀርመን ግዛት) ደንብ እንዲያውም ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕ (ቢራውን ከሚያመርረው አበባ) እና ከውሃ ብቻ እንዲጠመቅ ያዝዝ ነበር። የስንዴ ቢራ ከዚያ በኋላ የቆየው በመሳፍንቱ ልዩ ፈቃድ ነው፤ እንዲያ ሲል እ.ኤ.አ. በ1872 ጌኦርግ ሽናይደር የተባለ ጠማቂ ለራሱ የመጥመቅ መብት አገኘ።

ይህ ሽታ ስስ ነው። ዕጣን በሚጨስበት፣ ቡና በሚቆላበት ክፍል ውስጥ ቢራ ለመቅመስ መቀመጥ ትርፉ ድካም ነው። የዘጌ ቡና ከተጠጣ በኋላም ቢሆን አፍን በውሃ ተጉመጥምጦ ትንሽ መቆየት ይሻላል። ሎሚ ቆርጦ መጨመርም አረፋውን ይሰብራል፣ ሽታውንም ይሸፍናል።

እስኪበርድ ማቀዝቀዝ

የከተማችን ሙቀት ሰውን ወደ በረዶ ቤት ይገፋል። ጥርስ የሚያደነዝዝ ቢራ ግን ሽታ የለውም። ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበቃዋል፤ ከፍሪጅ ወጥቶ ጥቂት ደቂቃ ጠረጴዛ ላይ ይቆይ ማለት ነው። ጠረጴዛው ጥላ ሥር ይሁን። ሐይቁ ዳር ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ብርጭቆ በደቂቃዎች ውስጥ የሚያስጠላ ሽታ ያመጣል፤ ምክንያቱም ብርሃኑ ከሆፕ የመጡትን ውሕዶች ይለውጣቸዋል። ቡናማ ጠርሙስ ብርሃኑን ይከላከላል፤ አረንጓዴውና ነጩ እምብዛም ናቸው።

ብዙ ዓይነት ከተገኘ ከቀላሉ ወደ ጠንካራው ይሂዱ። 8 በመቶ አልኮል ያለውን ጥቁሩን አስቀድሞ የቀመሰ ሰው ነጩን ውሃ ነው ይለዋል።

ሊጡን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ማስቀመጥ

ወደ ማብሰሉ ስንመጣ ጣና ዳር ላለ ሰው የመጀመሪያው ነገር ዓሣ ነው። ቆሮሶን ሙሉውን ተልትሎ መጥበስ የለመድነው ነው፤ በቢራ ሊጥ ለመጥበስ ግን ፊሌቶው ይሻላል። ሊጡን ቀላልና ተሰባሪ የሚያደርገው በቢራው ውስጥ ያለው ጋዝ ነው፤ ጠዋት የተበጠበጠ ሊጥ ምሳ ሰዓት ላይ ጋዙ አልቆ ተራ ሊጥ ይሆናል። ዘይቱ ሲግል ነው ቀዝቃዛው ቢራ ከፉርኖ ዱቄትና ከጨው ጋር የሚቀላቀለው። በሹካ ጥቂት ጊዜ ማማሰል ይበቃል፤ ትንንሽ ጓል ቢቀር ግድ የለም። እስኪለሰልስ ከታሸ እንደ ዳቦ ሊጥ ይሳሳብና ሲጠበስ ይጠጥራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ከዚያ በፊት ነው። ታጥቦ ውሃው ሳይደርቅ ሊጥ ውስጥ የገባ ዓሣ መጥበሻው ላይ ልብሱን ያወልቃል። በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁት፣ ደረቅ ዱቄት ያልብሱት፣ ከዚያ ሊጡ ውስጥ ይንከሩት። ዘይቱ መድረሱን ለማወቅ አንድ ጠብታ ሊጥ ይጣሉበት፤ ወዲያው ተንሳፎ ከተንጣጣ ደርሷል፣ ሥር ከቀረ ገና ነው። መጥበሻውንም አያጨናንቁ፤ ዘይቱ ይበርድና ሊጡ ይጠጣዋል። ሚጥሚጣ የሚነሰነሰው ከወጣ በኋላ ነው፤ ዘይት ውስጥ ያርራል።

ሽንኩርቱ ሳይበስል ቢራ መጨመር

ቢራ ኮምጣጣነት አለው፤ ኮምጣጣ ነገር ደግሞ ሽንኩርት ቶሎ እንዳይላላ ያደርጋል። ቁሌቱ በደንብ ከተቁላላ በኋላ ይግባ። መጠኑም ግማሽ ብርጭቆ አይለፍ፤ ውሃው በተነነ መጠን ምሬቱ ይጠነክራልና። የስንዴ ቢራ ምሬቱ ትንሽ ስለሆነ ለዓሣ ጉላሽ የሚመቸው እርሱ ነው። ዓሣው መጨረሻ ላይ ገብቶ በጥቂት ደቂቃ ይወጣል። በርበሬ በበዛበት ቀይ ወጥ ግን አልመክርም፤ ሽታው ይዋጣል፣ ቢራውም ይባክናል።

የበሬ ሥጋ በቢራ የሚቀቅል ደግሞ የአውሮፓን የምግብ አሠራር ሰዓት አይመን። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሥጋው ተጨማሪ ጊዜ ይፈልጋል።

ለዳቦም ቢሆን ከጠርሙሱ ሥር ያለው እርሾ ሊጡን ይነፋዋል ብለው አይጠብቁ። ቢራው ለጣዕም ነው፤ የዳቦ እርሾ ለብቻው ይግባ።

«አልኮሉ ተኗል» ብሎ ለእንግዳ ማቅረብ

ይህኛው ከጣዕም ያለፈ ነገር ነው። አልኮሉ በአንድ ጊዜ አይተንም። የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር ሰንጠረዥ እንደሚያሳየው 15 ደቂቃ የተንተከተከ ወጥ ውስጥ ከገባው አልኮል 40 በመቶው ይቀራል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ 25 በመቶ፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላም 5 በመቶ። ሙስሊም ጎረቤት፣ ነፍሰ ጡር ወይም በሌላ ምክንያት አልኮል የማይቀምስ ሰው ማዕድ ላይ ካለ ሳይነግሩ ማቅረብ ነውር ነው። ለእነርሱና ለልጆች ሊጡን በቀዝቃዛ አምቦ ውሃ ይበጥብጡት፤ ጋዙ ያው ጋዝ ስለሆነ ዓሣው እንደዚያው ተሰባሪ ይሆናል። መጥበሻውና ዘይቱ ግን የተለየ ይሁን፤ የእነርሱም አስቀድሞ ይጠበስ።