የይለፍ ሐረጋችሁ ስንት ግምት ይችላል? በተርሚናል እንዴት እንደሚለካ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»ን በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍተት ጽፋችሁ ለፓስወርድ መለኪያ ብትሰጡት ከ4 4 ያገኛል። አራት ኪሎ ላይ ለቆመ ተማሪ ግን ግማሹን ብትነግሩት ቀሪውን ይጨርስላችኋል። መለኪያው አማርኛ አያውቅም፤ ይህን ይዛችሁ ቀጥሉ።

የምጠቀምበትን መሣሪያ ድሮፕቦክስ ይሠራ የነበረው ዳን ዊለር በ2012 እ.ኤ.አ. ነው ያወጣው። ስሙ በኪቦርዱ ታችኛ ረድፍ ከግራ ጀምሮ ያሉት ስድስት ፊደላት ነው፣ ከዜድ እስከ ኤን። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ኮምፒውተራችሁ ላይ ካለ ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ክፈቱ፣ «ፒፕ ኢንስቶል» ብላችሁ ስድስቱን ፊደላት አስከትሉ። ተጭኖ ሲያልቅ ፊደላቱን ብቻ ጽፋችሁ ኢንተር ምቱ፤ ፓስወርድ ይጠይቃችኋል። ስትጽፉ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም፣ አትደናገጡ።

ውጤቱ ሲመጣ ግን የጻፋችሁትን ፓስወርድ በግልጽ መልሶ ያወጣዋል። ይህን ያወቅሁት ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ነው፤ ማኪያቶ ያመጣልኝ አስተናጋጅ ጎንበስ ብሎ «የልጅህ ስም ነው እንዴ?» አለኝ። ቤታችሁ ሞክሩት።

ከ0 እስከ 4 ያለው ነጥብ ብዙ ሰው ያታልላል። 4 የሚሰጠው ከ10 ቢሊዮን ግምት ጀምሮ ነው። እዚያው ውጤት ላይ ደግሞ ዝቅ ብላችሁ ብታዩ፣ በፈጣን ሃሽ (ፓስወርዱን ወደማይነበብ ኮድ በሚቀይር ፈጣን ስሌት) የተቀመጠ ፓስወርድ የሰረቀ ሰው በሰከንድ 10 ቢሊዮን ይሞክራል ብሎ ያሰላል። 4 አግኝቶ በ1 ሰከንድ የሚሰበር ሐረግ አለ ማለት ነው! ስለዚህ ነጥቡን ትታችሁ የግምቱን ሎግ 10 እዩ፤ በግምት ቁጥሩ ስንት ዜሮ እንዳለው ይነግራችኋል። ለኢሜይልና ለሃርድ ዲስክ መቆለፊያ እኔ ከ20 በታች አልቀበልም።

ቀጥሎ አማርኛውን አስተምሩት። ከትእዛዙ በኋላ ሁለት ሰረዝ፣ «ዩዘር»፣ አንድ ሰረዝ፣ «ኢንፑት» ጽፋችሁ የሚያውቋችሁ ሰዎች የሚገምቱትን አስከትሉ፦ ስም፣ ሰፈር፣ ስልክ፣ ተረት። ለእያንዳንዱ አማራጩን ደግማችሁ ጻፉ። ያንን ተረት ሙሉውን፣ ቅድም እንደጻፋችሁት አያይዛችሁ ስትሰጡት 4 የነበረው ወደ 0 ይወርዳል።

እውነተኛ ጥንካሬ የሚገኘው ከዳይስ ነው፣ የሉዶው ይበቃል። ለእያንዳንዱ ቃል ከ1 እስከ 6 ባሉ አሃዞች የተሠራ ባለ አምስት አሃዝ ቁጥር ያለው የ7,776 ቃላት ዝርዝር ይዛችሁ አምስት ጊዜ ስትጥሉ አንድ ቃል ይወጣል። ስድስት ቃል ሲሆን ሎጉ 23 ይደርሳል፤ በሰከንድ 10 ቢሊዮን የሚሞክር ሰው ሁሉንም ለመጨረስ ወደ 700 ሺህ ዓመት ይፈጅበታል። እዚህ ላይ መለኪያው ሌላ ቁጥር ቢያሳያችሁም ሂሳቡን እመኑ። ዝርዝሩን በአማርኛ ቃላት ብታዘጋጁትም ያው ነው፣ መራጩ ዳይሱ ከሆነ። «ድስት» ወጥቶ ስላላማራችሁ ግን ደግማችሁ እንዳትጥሉ።