ሰው የሌለበት የጃፓን ባቡር ጣቢያ ላይ እንዴት ትሳፈራላችሁ?

የምኖረው ለቡ ነው። እዚህ የጅቡቲን ባቡር ለመሳፈር ወረፋ አለ፣ ፍተሻ አለ፣ ቲኬት የሚያይ ሰው አለ። ጃፓን ገጠር ግን ጣቢያው አንድ መጠለያና አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ ሊሆን ይችላል። «ሙጂን ኤኪ» ይሉታል፣ ሰው አልባ ጣቢያ ማለት ነው። በቅርቡ ለትምህርት ወደዚያ የሚሄድ የሰፈራችን ልጅ «ታዲያ ሒሳብ ለማን ነው የምከፍለው?» አለኝ። ለሹፌሩ!

መጀመሪያ የተለጠፈውን የሰዓት ሰሌዳ እዩ። 17፡42 ካለ በእኛ ከቀኑ 11፡42 ነው፤ እዚህ ላይ የተምታታበት ሐበሻ ብዙ ነው፣ እኔም አንዱ ነኝ። የሥራ ቀንና የበዓል ቀን ሰዓት ሊለያይ ይችላል። አንዳንድ መስመር ላይ በቀን የሚያልፈው ባቡር በጣት የሚቆጠር ስለሆነ፣ ካመለጣችሁ እንደ ታክሲ «ሌላው ይመጣል» ብላችሁ የምትቆሙበት አይደለም። ጉንማ ውስጥ ዶአይ የሚባል ጣቢያ አለ፤ አንደኛው መሳፈሪያው ከመሬት በታች ነው፣ 462 ደረጃ ትወርዳላችሁ። እንጦጦ የለመደ እግር አይፈራም፣ ግን አሥር ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ።

ባቡሩ ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ፉርጎ ነው። በሩ ካልተከፈተ አጠገቡ ያለውን ቁልፍ ተጫኑ። አብዛኛውን ጊዜ መግቢያው የፊተኛው ፉርጎ የኋላ በር ነው፣ መውረጃው ደግሞ ሹፌሩ ጋ ያለው የፊት በር። ስትገቡ በሩ አጠገብ ካለ ማሽን ቁጥር ያለባት ትንሽ ወረቀት ትወጣለች። እሷን ያዙ! የተሳፈራችሁበትን ጣቢያ የምትናገረው እሷ ናት። እኔ መጀመሪያ ቀን ዝም ብዬ አለፍኳትና፣ ስወርድ ከየት እንደመጣሁ ለሹፌሩ በእጅ በእግር ማስረዳት ነበረብኝ።

ከፊት ባለው ሰሌዳ ላይ ከቁጥራችሁ ጋር ዋጋው ይታያል። ብዙዎቹ የሒሳብ ሳጥኖች መልስ አይሰጡም። ስለዚህ ባቡሩ ቆሞ ሳለ 1,000 የኑን እዚያው ባለው ማሽን ዘርዝሩ፣ ከዚያ ልክ ዋጋውን ከወረቀቷ ጋር ሳጥኑ ውስጥ ጨምሩ። 10,000 የን ብቻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። የከተማው የባቡር ካርድም ሁሉም ገጠር አይሠራም። ሠራተኛ ያለበት ትልቅ ጣቢያ ከወረዳችሁ ግን ሒሳቡን እዚያው መውጫው ላይ ትከፍላላችሁ።

አንዳንድ ጣቢያ ውስጥ መንገደኛ የሚጽፍበት ደብተር ይቀመጣል። በአማርኛ ጻፉበት። እኔ «ከለቡ መጥቼ ነበር፣ ብርዱ ግን!» ብዬ ነው የተውኩት።