ከባዮሎጂ ፈተና በኋላ መልስ እንዴት ይመሳከራል?

«ሠላሳ ስምንትን ምን አላችሁት?»

ከባዮሎጂ ፈተና ወጥታችሁ ከበሩ ሳትርቁ የምትሰሙት ጥያቄ ይኸው ነው። አትመልሱ። የጠያቂያችሁ የፈተና ኮድ ከእናንተ የተለየ ከሆነ የእሱ 38ኛ ጥያቄ የእናንተ 61ኛ ሊሆን ይችላል። እሱ «ቢ» ሲል እናንተ «ዲ» ትላላችሁ፤ ሁለታችሁም ልክ ሆናችሁ አንዳችሁ ምሳ ሳይበላ ይውላል።

ጎንደር ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሞዴል ፈተና ባለቀ ማግሥት ክፍሌ ቅዳሜ ገበያን ያስንቃል። ጨርሶ መልስ አታመሳክሩ የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። እኔ እንደዚያ አልልም፤ ብትከለከሉም ሽንት ቤት በር ላይ ቆማችሁ ማመሳከራችሁ አይቀርም። እንግዲያው በወጉ አድርጉት።

መቼ እንደማይደረግ ላስቀድም። ገና የሚቀር ፈተና ካለ አይደረግም። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በጥቅምት 2015 ዩኒቨርሲቲ ገብተው ከተፈተኑ ወዲህ፣ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ስልኩን ቤቱ ትቶ፣ ፍራሽ ይዞ ግቢ ገብቶ ማደር ለምዷል። ማታ ዶርም ውስጥ አንዱ «ያቺን የሚዮሲስ ጥያቄ…» ብሎ ከጀመረ፣ የላይኛው አልጋ ላይ ያለው ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ ያድራል፤ ጠዋት ደግሞ ፊዚክስ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ገና በገባችሁበት ቀን ከዶርም ልጆች ጋር ተስማሙ፦ የመጨረሻው ፈተና እስኪያልቅ ስለ መልስ ወሬ የለም። የማይስማማ ካለ ኮሪደር ወጥቶ ያውራ።

ፈተናው ካለቀ በኋላ፣ የማንንም መልስ ሳትሰሙ፣ አንድ ሉክ ወረቀት አውጡ። ያስቸገሯችሁን ጥያቄዎች ብቻ ጻፉ፤ ቀላሎቹ ጊዜ አይገባቸውም። ለእያንዳንዱ ጥያቄው ምን ይል እንደነበር፣ የመረጣችሁት ፊደል ሳይሆን ሐሳቡ ምን እንደነበር፣ ለምን እንደመረጣችሁት አስፍሩ። ዳር ላይ እርግጠኛ ከነበራችሁ «እ»፣ ሁለት ምርጫ መካከል ከዋለላችሁ «ዋ»፣ በግምት ካጠቆራችሁ «ግ» በሉ። ይህችን ነገር ተማሪዎቼ እንደ ሥራ ፈትነት ያይዋታል። ግን ልክ የሆነው መልስ ከተሰማ በኋላ ስንቱ ነው «ኧረ እኔም እሱን ነው ያልኩት!» የሚለው? አይዋሽም እኮ፤ እውነት እሱን ያለ ይመስለዋል። ወረቀቱ ግን አይረሳም።

ሦስት ወይም አራት ሁኑ፤ ከዚያ ከበዛ ክርክር ሳይሆን ጩኸት ነው። ፒያሳ ያሉ ሻይ ቤቶችን ተዉአቸው፤ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ወንበር ስቦ ይቀላቀላል። የአንዳችሁ ቤት በረንዳ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከመልሱ በፊት ጥያቄውን መልሳችሁ ገንቡት። የብሔራዊ ፈተና ወረቀት ተሰብስቧል፤ በእጃችሁ ያለው ትዝታ ነው፣ ትዝታ ደግሞ ቃል ይጥላል። ምሳሌ ልስጣችሁ። እናት የቀለም መለየት ችግር ጂን ተሸካሚ ናት፣ ማለትም ጂኑ አለባት፣ ችግሩ ግን አይታይባትም፤ አባት ጤነኛ ነው። አንዱ ተማሪ «50 በመቶ» ይላል፣ ሌላዋ «25 በመቶ» ትላለች፤ ሊጣሉ ይደርሳሉ። ጥያቄው «ከወንድ ልጆቻቸው ስንቱ?» ከነበረ 50 ነው፤ «ከልጆቻቸው ሁሉ ስንቱ?» ከነበረ 25 ነው። ሁለቱም ጀነቲክሱን በደንብ ያውቁታል፤ የተለያዩት በጥያቄው ላይ ነው። ካላ-አዛርም እንዲሁ ነው። እኛ አካባቢ ከመተማና ከሁመራ በኩል የሚመጡ ታማሚዎች ጎንደር ሆስፒታል ስለሚታከሙ በሽታውን የማያውቅ ልጅ የለም። ግን «አምጪው ምንድን ነው?» ከተባለ ሊሽማኒያ የተባለው ፕሮቶዞአ ነው፤ «አስተላላፊው?» ከተባለ የአሸዋ ዝንብ ናት። «ኤክሴፕት» (ከዚህ በስተቀር) የምትለዋማ ከተጣለች መልሱ ከነጭራሹ ይገለበጣል። ስለዚህ ሁሉም በየተራ ጥያቄውን እንዳስታወሰው ይበል፤ የምትስማሙበት ቃል ላይ ስትደርሱ ብቻ ወደ መልስ ሂዱ። ካልተስማማችሁ ያንን ጥያቄ እለፉት።

ቀጥሎ ያለው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ልጅ የሚጎዳው እዚህ ነው። «ሦስታችን አንድ ዓይነት ነው ያልነው፣ አንተ ብቻህን ነህ፣ ስለዚህ ተሳስተሃል።» በባዮሎጂ ፈተና ይህ ክርክር አይሠራም። ምክንያቱም የተሳሳቱት ምርጫዎች በዘፈቀደ የተቀመጡ አይደሉም። ጥያቄ አውጪው ተማሪ የት እንደሚሰናከል ያውቃል፤ እዚያው ቦታ ላይ ምርጫ ያስቀምጣል። በአንድ ሕዝብ ውስጥ የጂን ዓይነቶችን ድርሻ የምናሰላበትን የሃርዲ ዋይንበርግን ቀመር ውሰዱ። 16 በመቶው ሕዝብ የሪሴሲቩን፣ ማለትም ከሁለቱም ወላጅ ካልተወረሰ የማይታየውን፣ ባሕርይ ያሳያል፤ ተሸካሚዎቹ ስንት ናቸው? ኪው የሪሴሲቩ ጂን ድርሻ ነው፣ ፒ የሌላው፤ ኪው ስኩዌር 0.16 ነው፤ ኪው 0.4፣ ፒ ደግሞ 0.6። ተሸካሚው ሁለት ጊዜ ፒ ጊዜ ኪው ነው፦ 48 በመቶ። ሁለቷን የረሳ 24 ያገኛል። ፒ ስኩዌር ላይ የቆመ 36 ያገኛል። ከመቶ ላይ 16 ቀንሶ የተነሳ 84 ይላል። ሦስቱም ቁጥሮች ምርጫው ውስጥ ተደርድረው ይጠብቃሉ። ስለዚህ ሦስት ልጆች 24 ካሉ ሦስት ምስክር አላገኛችሁም፤ ያቺኑ አንዲት ሁለት ሦስቱም ረስተዋታል። ብቻውን የቀረውን ልጅ አስቆሙትና ስሌቱን ወረቀት ላይ ያሳያችሁ። በተለይ ክፍል ውስጥ አንደኛ የሚወጣው ልጅ ቀድሞ እንዲናገር አታድርጉ። እሱ ከተናገረ በኋላ የሌላው አፍ ይዘጋል፤ እሱም ሰው ነው፣ ሁለቷን ይረሳል።

ልክ መልስ ይዞ ምክንያት የሌለውም አለ። ጎርጎራ የወረደ ሁሉ እንቦጭን ያውቀዋል። እንቦጭ ሐይቁን ሲሸፍን ውኃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? አንዱ፦ «ተክል አይደለም እንዴ? ፎቶሲንተሲስ ያካሂዳል፤ ይጨምራል።» ሌላዋ፦ «ይቀንሳል። ቲቸር ብለዋል።» ልክ የሆነችው እሷ ናት፤ ግን እኔ ስላልኩ ብቻ ከሆነ ወረቀቷ ላይ «ግ» ትጻፍ። የልጁ ሐሳብ ጥሩ ጅምር ነው፤ የጎደለውን ሙሉለት። የእንቦጭ ቅጠል ያለው ከውኃው በላይ ስለሆነ የሚሰጠው ኦክስጅን በአብዛኛው ወደ አየር ይሄዳል። ጥላው ከታች ላሉ አልጌዎችና ተክሎች ብርሃን ይነሳል። ሞቶ ሲበሰብስ ደግሞ አብስባሾቹ ያለውን ኦክስጅን ይጠቀሙበታል። ይህንን ተከራክሮ የደረሰበት ልጅ ጥያቄው ዞሮ ቢመጣበትም አይደነግጥም።

ክርክሩ ካልበረደ መጽሐፍ ክፈቱ፤ ግን መጽሐፍትም ይለያያሉ። ሕዋስ ጉልበት የሚይዝበት ሞለኪውል፣ ኤቲፒ፣ ከአንድ ግሉኮስ የሚገኘው ብዛት በአንዱ መጽሐፍ 36፣ በሌላው 38፣ በአዳዲሶቹ 30 ወይም 32 ነው። ፈታኙ የሚጠብቀው የተማራችሁበትን መማሪያ መጽሐፍ ነውና መጀመሪያ እሱን እዩ። ቴሌግራም ላይ ማን እንደሠራው የማይታወቅ፣ የየትኛው ኮድ እንደሆነ እንኳ ያልተጻፈበት «የመልስ ቁልፍ» ይዞ የሚመጣ ካለ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ያስገባ።

ውጤት መደመሩን ተዉት። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ግን የረሳችኋቸው ጥያቄዎች ካስታወሳችኋቸው ይበዛሉ፤ በእነዚያ ላይ ተመሥርቶ «68 አለኝ» ማለት ሟርት ነው። እናታችሁ ቡና አፍልታ «እንዴት ነበር?» ካለቻችሁም «ደህና ነው እማዬ፣ አልቋል» በሉና ጠጡ።

የሞዴል ፈተና ከሆነ ግን «ዋ» ያላችኋቸውን ቁጠሩ። «ግ» ያላችሁት ገና ያላነበባችሁት ምዕራፍ ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል። «ዋ» ግን አንብባችሁት ያልጠራላችሁ ስለሆነ በአንድ ሁለት ምሽት ይስተካከላል፤ ከእሱ ጀምሩ። «እ» ብላችሁ የተሳሳታችሁት ካለ ከሁሉም ይቅደም፤ እሱን ማንም ካልነገራችሁ ተመልሳችሁ አታነቡትም።

ተከራክራችሁ ያልቋጫችሁትን ጥያቄ በንጹሕ ወረቀት ጽፋችሁ ለመምህራችሁ ስጡ፤ ሁለቱንም ምክንያት ጎን ለጎን፣ ማን የትኛውን እንዳለ ሳትጽፉ። ስም ካለበት እኛም እንደ እናንተው አንደኛ የሚወጣውን ልጅ መልስ ቀድመን እናያለን።