ሽንት ሲያቃጥልሽ የተረፈ ክኒን አትዋጪ

ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ በርበሬ የምትሸጥ አንዲት እናት ወደምሠራበት ጤና ጣቢያ መጣች። «ብርድ መታኝ መሰለኝ። ሽንቴ ያቃጥለኛል፤ ቶሎ ቶሎ እሄዳለሁ፣ ጠብ ብሎ ይቆማል» አለችኝ። ከዚያ የሻሿን ጫፍ ፈታች። አራት አሞክሳሲሊን። ልጇ ታሞ የተረፈ ነው፤ ሁለቱን ውጣዋለች።

እህቴ፣ ብርድ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ አንጀት ውስጥ የሚኖር ኢ ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ነው። የሴት የሽንት ቱቦ ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ፊኛ ለመድረስ ብዙ አይርቀውም። ለዚህ ነው ከሽንት ቤት በኋላ ከፊት ወደ ኋላ ጥረጊ የምንለው። ከግንኙነት በኋላም ሽኚ። ውስጥሽን በሳሙና አትታጠቢ።

ያቺ እናት ሽንት ቤቱ ከመደቧ ስለሚርቅ ቀኑን ሙሉ ውሃ አትጠጣም፣ እስከ ማታም ትይዛለች። ይሄ አንጀቴን ይበላዋል፤ ጥፋቱ የሷ አይደለምና። ግን ሽንት በያዝሽ ቁጥር ባክቴሪያው ለመራባት ጊዜ ያገኛል።

ማቃጠል ሲጀምርሽ ውሃ ጠጪ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። ቡና ፊኛን ይቆጠቁጣል፤ ጅማ ተቀምጦ ቡና መተው እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ለጥቂት ቀን ግን ከአቦል አትለፊ።

ከዚያ ተመርመሪ። ናሙና ስትሰጪ መጀመሪያ ታጠቢ። የመጀመሪያውን ሽንት አፍስሺው፣ መሀለኛውን በዕቃው ያዢ፤ የዕቃውን ውስጥ በጣትሽ አትንኪ። በዚህ ስህተት ብዙ ውጤት ይበላሻል።

አሞክሳሲሊንን ብዙው ኢ ኮላይ ተላምዶታል። ለቀላሉ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ናይትሮፉራንቶይን ነው፣ በአብዛኛው ለ5 ቀን፣ ከምግብ ጋር። ሽንትሽን ቡናማ ቢያደርገው አትደንግጪ። በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ማቃጠሉ ይተውሻል። ክኒኑ ሻሽ ጫፍ ላይ የሚቋጠረው ያኔ ነው። እባክሽ ጨርሺው።

ትኩሳት፣ ማንቀጥቀጥ፣ ከጎድን በታች ጎንሽን መውጋት ወይም ማስመለስ ካለ ወደ ኩላሊት ወጥቶ ይሆናልና በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂጂ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ፣ ስኳር ካለብሽ፣ ወይም የታመመው ወንድ ወይም ሕፃን ከሆነ፣ ቀላል ቢመስልም ቤት ተቀምጦ መጠበቅ አይገባም።

በርበሬ ሻጯ አሁን ከጎኗ ካለችው ሽንኩርት ነጋዴ ጋር ተስማምታለች። አንዷ ሽንት ቤት ስትሄድ ሌላዋ መደቡን ትጠብቃለች። የውሃ ጠርሙሷንም ከሚዛኑ ሥር አይቼዋለሁ።