ዊንዶውስ ተቀይሮ አማርኛው ሲጠፋ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ፣ ቱሉ ዲምቱ ወዳለችው ሱቄ የሚመጣው ኮምፒውተር ሁሉ ማለት ይቻላል አዲስ ዊንዶውስ 11 የተጫነበት ነው። ሪስታርት ማድረጉን፣ ኬብል ማየቱን፣ ዊንዶውስ አፕዴት ጨርሶ መውረዱን ማረጋገጡን እናንተው ታውቁታላችሁ፤ እሱን አልደግምም።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። ሰው «አፕግሬድ አስደረግኩ» ሲለኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ የተደረገለት ፎርማት ነው። በትክክለኛው ማሻሻያ ፋይሉም፣ ፕሮግራሙም፣ ፎንቱም ባለበት ይቆያል። ፎርማት ሲደረግ ግን ዴስክቶፕ ላይ ያለው ፋይል በፍላሽ ይወጣና ሌላው ሁሉ ይጠፋል። ፎንት የሚያስታውስ ባለሙያ እስካሁን አልገጠመኝም ማለት እችላለሁ።

ምልክት፦ የድሮው የአማርኛ ሰነድ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የቃለ አጋኖ ትርምስ ይሆናል

ሳምንት ሳይደርስ ደጋግሜ የማየው ይህንን ነው። ባለቤቱ «ቫይረስ በላው» ይላል። ቫይረስ አይደለም። የድሮ ነጋሪት ጋዜጣ ፒዲኤፍ ላይ ጽሑፍ ኮፒ አድርጎ ወርድ ላይ የለጠፈ ሰው ይህንን ትርምስ ያውቀዋል፤ መንስኤውም አንድ ነው።

የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ የዓለም ፊደል የራሱን ኮድ የሚሰጠው መመዘኛ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደሎች ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ዩኒኮድ ከመጣም በኋላ ጽሕፈት ቤቶቻችን በለመዱት ቀጠሉ። እናም ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ኮድ ነው፤ አማርኛ አድርጎ የሚያሳየው ፎንቱ ነው። ፊደላችን ብዙ፣ ቦታው ጥቂት ስለነበረ ደግሞ አንዳንዱ ፊደል ከሁለት ቁራጭ ይገጣጠማል፤ ቃለ አጋኖ የምትመስለዋ ምልክት የፊደሉ እግር ወይም ቅጥያ ናት። ፎንቱ ሲጠፋ ወርድ በሌላ ፎንት ተክቶ ያሳያል፣ ትርምሱም ይወጣል። ጽሑፉ ግን አንድ ፊደል እንኳ አልጎደለበትም።

መፍትሄው እንዲህ ነው። ሰነዱን ክፈቱ፣ የተበላሸው ቃል ላይ ክሊክ አድርጉ፣ ላይ የፎንት ስም የሚታይበትን ሳጥን አንብቡ። ፎንቱ ማሽኑ ላይ ባይኖርም ስሙ እዚያው ተጽፎ ይታያል። ያንኑ ፎንት ፈልጉ፤ «የሚመስለውን» አይደለም፣ ያንኑ። ዲስኩ ሳይፎርማት ዊንዶውስ በላዩ ተጭኖ ከሆነ ሲ ድራይቭ ላይ ዊንዶውስ ኦልድ የሚባል ፎልደር አለ፤ በውስጡ ዊንዶውስ፣ ከዚያ ፎንትስ ውስጥ ግቡና አውጡት። ይህ ፎልደር ከ10 ቀን ገደማ በኋላ ራሱን ያጠፋል፣ ስለዚህ «ቅዳሜ አመጣዋለሁ» አትበሉ። ዲስኩ ተፎርማቶ ከሆነ እዚያው ቢሮ ካለ ሌላ ማሽን፣ ወይም ከድሮው የመጫኛ ሲዲ ይወሰዳል። ስትጭኑት በቀኝ ክሊክ «ለሁሉም ተጠቃሚዎች ጫን» የሚለውን ምረጡ፤ ዝም ብሎ ሁለቴ ተጭኖ የገባ ፎንት በዚያ ተጠቃሚ ስም ብቻ ስለሚቀመጥ አንዳንድ ፕሮግራም አያየውም። ወርድን ዘግታችሁ ክፈቱ። ይመለሳል።

አሁን ማስጠንቀቂያው። ሁሉንም ጽሑፍ መርጣችሁ ወደ ኒያላ (የዊንዶውስ የዩኒኮድ አማርኛ ፎንት ነው) ቀይራችሁ ሴቭ እንዳታደርጉ። አማርኛ አይሆንም፤ ኮዱ ላቲን ነዋ! ይባስ ብሎ የቱ ቃል አማርኛ፣ የቱ ቃል እውነተኛ እንግሊዝኛ እንደነበረ የሚለየው ምልክት የፎንቱ ስም ብቻ ስለሆነ፣ እሱን ስታጠፉት ሁለቱ ይደባለቃሉ።

ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ያላቸው እናት አሉ። የቤት ኪራይ ውል፣ የመኪና ሽያጭ ውል፣ ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩ ናቸው። የእህታቸው ልጅ ዊንዶውስ 11 ጫነላቸው፣ ውሉ ሁሉ ትርምስ ሆነ፣ ልጁም «ፎንት ነው እኮ» ብሎ (ልክ ነው) 40 ያህል ፋይል ወደ ኒያላ እየቀየረ ሴቭ አደረገ። እኔ ጋ ሲመጡ ያልተነኩትን በ20 ደቂቃ መለስኳቸው። የተነኩትን ስንመልስ ግን ሦስት ምሽት አብረን ተቀመጥን፤ የድሮውን ፎንት መልሰን ስናለብሰው የሻንሲ ቁጥሩና የድርጅቱ የእንግሊዝኛ ስም ሳይቀር ወደማይነበብ አማርኛ ተለወጠብን። «አንተ ልጅ፣ የሰው ውል እኮ ነው፣ የሰው!» አሉኝ። ትክክል ናቸው፤ በአንዱ ውል ላይ የሻንሲ ቁጥሩን ያገኘነው ከወረቀቱ ቅጂ ነው።

ሌላው አጥፊ፣ አዲስ የተጫነ ኦፊስ ነው። ራስ አራሚው ሁልጊዜ በርቶ ነው የሚመጣው። የዓረፍተ ነገር መጀመሪያን ወደ ትልቅ ፊደል ይቀይራል፤ በድሮው ፎንት ትንሹና ትልቁ የላቲን ፊደል የተለያየ የአማርኛ ፊደል ስለሆኑ ስትጽፉ ፊደሉ ዓይናችሁ እያየ ይለወጣል። በኦፕሽንስ ውስጥ ፕሩፊንግ፣ ከዚያ አውቶኮሬክት ገብታችሁ ትልቅ ፊደል የሚመለከቱትን ሁሉ አጥፉ፤ ጥቅስ ምልክትን ወደ ጥምዝ የሚቀይረውንም ጭምር።

ሰነድ ለሰው ስትልኩ በፒዲኤፍ ላኩ፤ ፎንቱን አብሮ ይይዛል። ወደ ዩኒኮድ የምትቀይሩም በቅጂው ላይ እንጂ በዋናው ላይ አትሥሩ።

ምልክት፦ ጽሑፉ ይነበባል፣ ገጹ ግን ተንሸራትቷል

2 ገጽ የነበረው ውል 3 ገጽ ሆነ፣ ፊርማው ብቻውን ቀረ። ይህ ቀላል ነው። ኒያላ ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ በነባሪ አይመጣም፤ ወርድ ኤብሪማ በሚባለው ሌላ የዊንዶውስ ፎንት ይተካዋል፣ ስፋቱም ይለያያል። ሴቲንግስ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ ግቡና የኢትዮጵያ ፊደል ተጨማሪ ፎንቶችን ጨምሩ። ኢንተርኔት ይፈልጋል።

ምልክት፦ ስም ሲፈለግ አይገኝም

የአንድ እድር ጸሐፊ የሆኑ አባት የአባላቱን መዝገብ በኤክሴል ይዘው መጡ። የድሮዎቹ ስሞች በድሮው ፎንት፣ ከዊንዶውስ 11 በኋላ የገቡት በዩኒኮድ ተጽፈዋል። በዓይን ሲታይ ሁሉም አማርኛ ነው፤ ለኤክሴል ግን አንዱ ስም ከሌላው ጋር ዝምድና የለውም። ፈልገው ሲያጡት እንደገና መዝግበውት፣ አንድ ሰው ሁለት ቦታ ገብቶ ወርኃዊ መዋጮው «ያልተከፈለ» ይል ነበር። መፍትሄው የድሮውን ረድፍ ወደ ዩኒኮድ መቀየር፣ ከዚያም አንድ በአንድ ከወረቀት መዝገቡ ጋር ማመሳከር ነው። ማመሳከሩን አትዝለሉት፤ በገንዘብ መዝገብ ላይ መቀየሪያ ፕሮግራም ብቻውን አይታመንም።

ምልክት፦ አማርኛ መጻፊያው አይሠራም ወይም የማይሆን ፊደል ያወጣል

ሁለት መጻፊያ በአንድ ጊዜ በርቷል። ፓወር ግዕዝ ወይም ኪማን የሚባሉት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ካሏችሁ የዊንዶውሱን አማርኛ ኪቦርድ አስወግዱ፤ ወይም በተቃራኒው። በአንድ ፕሮግራም ላይ ብቻ እምቢ ካለ፣ ያ ፕሮግራም እንደ አስተዳዳሪ ተከፍቷል፤ መጻፊያውንም እንደዚያው ክፈቱት።

አልፎ አልፎ የሚመጡ

ፕሪንተሩ አይጫንም፦ ዊንዶውስ 11 ባለ 64 ቢት ብቻ ነው፣ ከመርካቶ የተገዛው የድራይቨር ፍላሽ ላይ ያለው ባለ 32 ቢት ነው። ከአምራቹ ገጽ አውርዱ። ያንን ፍላሽ ደግሞ በእግዚአብሔር ስም ማሽን ላይ አትሰኩት፤ ከድራይቨሩ ይልቅ አብሮት የሚገባው ቫይረስ ነው የሚያስለቅሰኝ።

የባርኮድ ወይም የሚዛን ሲሪያል ገመድ ሞተ፦ ዲቫይስ ማናጀር ላይ የገመዱ ቺፕ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ መቅረቱን የሚገልጽ ጽሑፍ ካያችሁ ገመዱ አሮጌ ወይም አስመሳይ ነው። ሌላ ግዙ።

ሲጫን ዲስኩ አይታይም፦ በ11ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ በሆነ ኢንቴል ማሽን ላይ የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ድራይቨርን በፍላሽ አብራችሁ ስጡት።

ኮር 2 ዱዎ በሚባለው የድሮ የኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ 24ኤች2 የተባለው የዊንዶውስ 11 ስሪት አይነሳም። አትታገሉ።

ማሽኑ ሲነሳ ባለ 48 አኃዝ ቁልፍ ከጠየቀ ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) ነው፦ ቁልፉ ባለቤቱ ማሽኑን ሲያስጀምር በተጠቀመበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይገኛል። ብዙ ጊዜ አካውንቱን የከፈተው የሸጠው ሱቅ ነው፤ ሱቁ ጋ ደውሉ፣ ቁልፉ ሳይገኝ ፎርማት እንዳታደርጉት።